ዮንግራንን ያላስፈራት ታሪክ

በዮንግጁ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ስድስት ሴቶች ተሰብስበው አጫጭር ልብ ወለድ ያነባሉ። ደራሲዎቹ ሁሉ የአገራቸው ሴቶች ናቸው፤ አንዷም ደህና እንቅልፍ የሚያስተኛ ነገር አትጽፍም። የዚያ ሳምንቱ ታሪክ እንዲህ ነበር፤ የቤቱ ሙታን በበዓል በበዓል እየመጡ ይበሉና፣ ሲጠግቡ ከምራቲቱ አንዳች ነገር ይዘው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ጥፍሯን፣ ከዚያ ፀጉሯን፣ ከዚያ ድምፅዋን። በመጨረሻ ምድጃው ፊት ቆሞ የሚጠብሰው ሽርጧ ብቻ ነው። ባልየውም ለሽርጡ “ጨው አንሶታል” ይለዋል።

“እኔስ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ!” አለች ከሁሉም ወጣቷ ናሬ። “እትዬ ዮንግራን፣ አንቺስ የቱ ጋ ፈራሽ?”

“የትም አልፈራሁ።”

“ኧረ ተዪ! አንጀትሽ ብረት ነው እንዴ?”

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ነገሩ ከነከናት። ሃያ ስምንት ዓመት በየበዓሉ ለባሏ ቤት ሙታን ማዕድ እየሠራች ስታበላ የኖረች ሴት፣ ያን ታሪክ ያነበበችው የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደምታነብ ነው። እናቷ የሞተች ዕለትም እንዲሁ ነበረች፤ እንባ ጠብቃ ጠብቃ አልመጣ ሲላት ተነስታ ሳህን አጠበች። “በቁሜ ሞቼ ይሆን?” አለች ለራሷ። ይህም አላስደነገጣትም።

ቤተሰብ ሁሉ ለሙታኑ ማዕድ በሚያቀርብበት የመከር በዓል፣ በቹሶክ ጠዋት፣ ባሏ ሳንግጉ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለሟች አባቱ መንፈስ ማዕድ ያሰናዳ ነበር። ማሰናዳት ማለት ሻማ አብርቶ “ዓሣው የታለ?” ማለት ነው። ዮንግራን ጓዳ ውስጥ ቆስጣውን እያሸች፣ ድንገት አንድ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨመረችበት። ነጭ ሽንኩርት ካለበት ማዕድ መንፈስ እንደሚሸሽ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ያደረገችው፣ ይህ እንኳ ያስፈራኝ ይሆናል ብላ ነው። አላስፈራትም።

የሰማንያ አንድ ዓመቷ አማቷ ቆስጣውን በጣታቸው ቀመሱና ቀና ብለው አዩዋት።

“ነጭ ሽንኩርት ነው?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ይህን ያህል ምን አስጨመረሽ? ይሸታል እኮ፣ ያውቁብሻል።” አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “የባሌን ሩዝ ሁልጊዜ እኔ የምሞላው ለምን መሰለሽ? አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከሥሩ እቀብራለሁ። ከሞተ ጀምሮ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።”

“ለምን?”

“እንዳይመጣብኝ ነዋ!”

ይህንን ያሉት ስለ ሩዙ ብስለት እንደሚያወሩ ሁሉ ተረጋግተው ነበር። ወዲያው ሳንግጉ ከሳሎን “ምግቡ የት ቀረ?” ብሎ ጮኸ። ድምፁ ቁርጥ የአባቱ ነው። አሮጊቷ ጎንበስ አሉና፣ በሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸውን ሸፈኑ።

ዮንግራን ያን ጊዜ ፈራች። የቆስጣው ሳህን ከእጇ እስኪወድቅ ድረስ ፈራች።