ለአብዱ ቤዝ የምትሆን ትንሽ ማጉያ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ባምባሲ

ወደ አሶሳ የሄድነው ለልምምድ የምትሆን ትንሽ የቤዝ ጊታር ድምፅ ማጉያ ልንመርጥ ነው፤ ስፒከሯም እዚያው ሳጥኗ ውስጥ የሆነ፣ አንድ ሰው የሚሸከማት። የሠርግ ባንዳችን ቤዝ ተጫዋች አብዱ ጆሮው እየደከመ ነው። ራሱን ለመስማት ትልቁን ስፒከር ሲለቀው እኛን ያደነቁረናል፤ ዝቅ ሲያደርገው ምቱን ይስታል። እስከ ቅዳሜ ልምምድ ካልተስተካከለ ቤዙን በኪቦርድ እንደምንተካው ነግረነዋል። መጀመሪያ «ይብቃው» ያልኩት እኔ ነኝ፣ ምን እደብቃለሁ! ይህን ግን ማንም አልነገረውም። አብሮት የሚሄድ ሲፈልግ ደግሞ የጠራው እኔን ነው። እያፈርኩ ሄድኩ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድፍን አንድ ሰዓት ተገተርን። አስፋልቱ ላይ ከወጣን በኋላ ግራ ቀኙ ቀርከሃና ማንጎ ነው። አብዱ ጊታሩን አቅፎ፣ ባወራሁት ቁጥር ከንፈሬን እያየ ሄደ።

ረፋድ፣ አሶሳ

ከመናኸሪያ በባጃጅ ገበያው አጠገብ ካለ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ደረስን። ሻጯ ፈጣን፣ ጨዋታ አዋቂ ሴት ናት። መጀመሪያ ትልቁን አወጣችልን። አብዱ ሰክቶ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀው።

«ወንድምዓለም፣ ቆርቆሮዬን ልታወርደው ነው እንዴ?» ብላ ጆሮዋን ያዘች።

«ይሄ ጥሩ ነው?» አለኝ አብዱ።

«ለሠርግ ይሁን። ለልምምድ ግን ጨረሰን!»

ቀጥላ የጄሪካን ቁመት ያላት፣ ሳጥኗ የእንጨት የሆነ ማጉያ አቀረበች። ለእኔ ጥርት ያለች ናት። አብዱ ግን ሁለት ጊዜ ምቱን ሳተ።

«አይሰማኝም፣ ወላሂ» አለ። አንጀቴን በላው።

ሱቁ ውስጥ ወንበር የለም። ደክሞት እዚያችው ሳጥን ላይ ቁጭ አለና ገመዶቹን እንዲሁ መነካካት ጀመረ።

«ኧረ ዕቃ ላይ አይቀመጥም!» ጮኸች ሻጯ።

«ቆይ እህቴ፣ ቆይ! እግሬ ሰማ። ጀርባዬም ሰማ።» ወደ እኔ ዞረ፦ «አንተ በእጅህ ምታ!»

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁ። አፈጠንኩ፣ አዘገየሁ፣ ሆን ብዬ ላሳስተው ሞከርኩ። ከምቱ ንቅንቅ አላለም! ሻጯም «በቃ ይቀመጥባት» ብላ ስቃ አዳመጠች። ሌላ ሳጥኗ የፕላስቲክ የሆነ ማጉያም አመጣችለት፤ ተቀምጦባት ሞከረ፤ እሷ ምቱን አታደርስለትም። የእንጨቷን ይዘን ወጣን።

ምሳ የማሽላ ገንፎ በባሚያ በላን። አብዱ ሳጥኗን እግሩ ሥር አድርጎ በላ።

ቅዳሜ፣ ባምባሲ

ልምምድ ላይ ሳጥኗ ላይ ሲቀመጥ ልጆቹ ሳቁበት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ የሚስቅ አልነበረም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቤዙን ሊተካበት ያዘጋጀውን ግራ እጁን ከኪቦርዱ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አሳፍሮኛል። ያን ሁሉ ጊዜ «ዝቅ አድርገው» ስለው ኖርኩ እንጂ አንድ ቀን እንኳ «ምኑ ነው የሚሰማህ?» ብዬ አልጠየቅኩትም።

ልነግረው ቆረጥኩ። በሹክሹክታ እንዳልነግረው አይሰማም። ስለዚህ ሁሉም ባሉበት ጮክ ብዬ፣ «አብዱ፣ መጀመሪያ ይብቃው ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ ያኔ ስትል ከንፈርህን አይቼ ነበር» አለ፣ ጊታሩን እየጠረገ። «እነሱ ያዝኑልኛል፣ መጥፎውን ጥሩ ነው ይሉኛል። አንተ አትዋሽም። ለዚህ ነው አንተን የወሰድኩት።»