የራሰው ዘር

መጋቢት 2001 ይመስለኛል፤ ወይስ ሚያዝያ ገብቶ ነበር? ብቻ የበልጉ ዝናብ አንድ ቀን ጥሎ ከጠፋ አራት ቀን ሆኖታል። ከጂንካ ወደ ገዘር በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ በቆሎ ታቅፈዋል። ጫፉን ገልጠው አዩና ቶሎ ሸፈኑት፤ ዘሩ ነጭ ሥር አውጥቷል።

"እማማ፣ ሱሪዬን አራሱት እኮ!" አለ በወዲያ በኩል የተቀመጠው ነጋዴ።

"ማሳዬም እንደ ሱሪህ በራሰ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"ዝናቡን አምኜ ዘፈዘፍኩት። ሌላ ዘር የለኝም። ዛሬ ካልዘራሁት ይበሰብሳል፤ አፈሩ ደርቆ ከጠበቀኝም ይሞታል።"

በእጃቸው የታጠፈ የሆስፒታል ካርድ አየሁ። ማንን ሊያስታምሙ ዘሩን ይዘው ጂንካ እንደሰነበቱ ልጠይቃቸው ስል "ወራጅ!" አሉ። ወርደው፣ ሚኒባሱ ባስነሣው አቧራ ውስጥ ሽቅብ ሮጡ።