ሲዶ «ይህን አትጻፊ» ያሉኝ

ልጅ እያለሁ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ መስማት እወድ ነበር። የእኛ ቤት ጸጥታ ስለሚበዛው ይሆናል። እናቴ አውሮራ ውስጥ ካለ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። አባቴን አላውቀውም። የተወለድኩት ካርቱም፣ በስደት ነው፤ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ስንገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አማርኛዬ የእናቴ፣ አረብኛዬ የካርቱም ሰፈር፣ እንግሊዝኛዬ ደግሞ ገና ከትምህርት ቤት የተለቃቀመ ነበር። ሦስት ቋንቋ ይዤ በአንዱም የማወራው ሰው አልነበረኝም። ክፍል ውስጥ አፌን ስከፍት ልጆቹ አነጋገሬን እየደገሙ ስለሚስቁ ዝምታን ለመድኩ። ከትምህርት ቤት መልስ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ፓርኪንጉን፣ ከፓርኪንጉ ወዲያ ደግሞ በረዶ የለበሱትን ተራሮች እያየሁ እናቴን እጠብቃለሁ።

ከበላያችን ያለው አፓርታማ ግን አንድም ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። እዚያ የሚኖሩት ፍልስጤማውያን ነበሩ። ልጃቸው ሊና የክፍሌ ልጅ ናት። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አያቷ በአረብኛ የጠየቋትን ነገር እሷ በእንግሊዝኛ ስትመልስ፣ ሳላስበው በካርቱም አረብኛ መለስኩላቸው። ሽማግሌው ቆም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ ደግሞ ከየት የመጣሽ አረብ ነሽ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላዬ የእነሱ ሆነ።

አያቷን ሲዶ እላቸው ነበር፤ በእነሱ አፍ አያት ማለት ነው። የሊናን አባትና እናት ግን፣ እናቴ ታላቅን በባዶ ስም መጥራት ነውር ነው ስላለችኝ፣ እንደ እሷ ወግ ጋሼ ባሲምና እትዬ ናድያ አልኳቸው። ትርጉሙን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ቤታቸው ሁልጊዜ የተጠበሰ ሽንኩርትና የሎሚ ሽታ ይሸታል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጀማል ይባላል፣ የእትዬ ናድያ ወንድም። ሊባኖስ ውስጥ በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ ጠላት ሲመጣ ብቻውን ተዋግቶ የሞተ ጀግና ነው ብላ ሊና ነግራኛለች።

ሲዶ በወጣትነታቸው በዚያው ካምፕ ታጣቂ ነበሩ፤ ግራ እግራቸው አይታጠፍም። ልጃቸው ጋሼ ባሲም ግን ጠብመንጃ ነክተው አያውቁም። ለድርድር የተላኩ ሰዎች አስተርጓሚ ሆነው አውሮጳ ውስጥ ከሆቴል ሆቴል ሲዞሩ ኖረው፣ ድርድሩ ሲከሽፍ ዴንቨር መጥተው የአየር ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። አባትና ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና በየቀኑ ያንኑ ክርክር ይከራከራሉ።

«ጠብመንጃ ባናነሳ ስማችንን ማን ያውቀው ነበር?» ይላሉ ሲዶ። «ለዱቄት የምንሰለፍ ስደተኞች ነበርን።»

«አወቁን፤ ከዚያስ?» ይላሉ ጋሼ ባሲም። «ጠረጴዛ ላይ ያልተቀመጠ ሰው አገር አያገኝም።»

«አንተ ተቀመጥክ አይደል? ምን ሰጡህ?»

«ወረቀት።»

«ወረቀቱ የት አለ?»

ጋሼ ባሲም ወደ አባታቸው ይዞሩና፣ «የእርስዎስ ጠብመንጃ የት አለ?» ይላሉ።

ያኔ እትዬ ናድያ ምግቡን በትልቅ ትሪ ይዘው ይመጣሉ። «ሁለታችሁም ተሸንፋችሁ ነው አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጣችሁት። ብሉ!» ሲሏቸው ሁለቱም ይስቃሉ፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን። እናቴ አንዳንድ ቀን ልትወስደኝ ስትመጣ ክርክሩ ካልተቋጨ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች እንጂ አትገባም። የእሷም ሁለት ወንድሞች በእኛው አገር ጦርነት ዘምተው አልተመለሱም።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ የሶሻል ስተዲስ መምህራችን፣ አንድ ሕዝብ ለነጻነቱ የሄደበትን መንገድ ሁለት ሁለት ሆነን አጥንተን ወላጆች ፊት እንድናቀርብ አዘዘን። እኔና ሊና የፍልስጤምን መረጥን። እሷ የአባቷን መንገድ፣ ድርድሩን፣ ወሰደች። የትጥቅ ትግሉ ለእኔ ደረሰኝ። የሊና ሥራ በሁለት ቀን አለቀላት፤ አባቷ ቁጭ ብለው አስረዷት። እኔ ከላይብረሪ መጽሐፍ የገለበጥኩት ግን ሳነበው ለራሴም እንቅልፍ አመጣብኝ። ስለዚህ አንድ ከሰዓት፣ ሊና ጥርስ ሐኪም ቤት በሄደችበት ቀን፣ ደብተሬን ይዤ ሲዶ ዘንድ ወጣሁ።

ብዙ ነገሩኝ። መጀመሪያ ስለያዙት አሮጌ ጠብመንጃ፣ ስለ ብርዱ፣ ከካምፕ ካምፕ ስለሚዘፈነው ዘፈን። እየጻፍኩ ቀና ብዬ፣ «ሲዶ፣ ፈርተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር አሉ። ጠብመንጃውን ያስታጠቁት እሳቸው ናቸው። በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጉም እንደ ግድግዳ ቆሞ ሳለ፣ ልጁ ለጓዶቹ ውኃ ሊያመጣ ሳይናገር ወረደ። ሲመለስ መንገድ ስቶ በጠላት በኩል መጣ። እነ ሲዶ ሰው ሲንቀሳቀስ አዩ። «ተኩሱ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ ሲዶ። ኪሱ ውስጥ ታናሽ እህቱ የሰጠችው ብይ ተገኘ። ለእናቱ፣ ልጅሽ ከጠላት ጋር ሲዋጋ ሞተ ብለው ነገሯት።

«ይህን አትጻፊ» አሉኝ። «ይህን የነገርኩት ለአንቺ ነው።»

«እሺ» አልኳቸው።

ጻፍኩት። ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም። የልጁን ስም አልነገሩኝም፤ ስሙን እኔም አልጠየቅኩም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህን ካነበብኩ ማንም አነጋገሬን እየደገመ አይስቅብኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እንዲሰማኝ ፈለግኩ።

ዝግጅቱ የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ውስጥ ነበር። እናቴ ከሥራ ፈቃድ አላገኘችም። ሲዶ ግን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። «ዛሬ የአንቺም ወላጅ እኔ ነኝ» ብለው በልጃቸውና በምራታቸው መካከል ከፊት ተቀመጡ። ሊና ጥሩ አድርጋ አቀረበች፤ ተጨበጨበላት። ተራዬ ሲደርስ ማንበብ ጀመርኩ። ጉሙ ላይ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነትም ሁሉም ይሰማኝ ነበር። ሲዶ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ በኩራት ፈገግ እያሉ አንገታቸውን ይነቀንቁልኛል። ስለ ብዩ ሳነብ የእትዬ ናድያ እጅ ወደ አፋቸው ሲሄድ አየሁ። አላቆምኩም።

ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ሲዶ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ምን አለች?» ሲሉ ሰማኋቸው። ዕድሜያቸውን የሰው ቃል ሲተረጉሙ የኖሩት ጋሼ ባሲም መሬት መሬት አዩ።

እትዬ ናድያ ናቸው የመለሱላቸው፤ በአረብኛ፣ በቀስታ። «ብዩ ሰማያዊ ነበር ወይ?»

ሲዶ እኔን አዩኝ። ያን አስተያየት ዛሬም ልናገረው አልችልም። እትዬ ናድያ ካፖርታቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ በፊት ሟቹ ጀማል መሆኑን አላወቅኩም ነበር። ብይ የሰጠችው እህት የስምንት ዓመቷ ናድያ መሆኗንም እንዲሁ።

ለእናቴ ስነግራት እንኳ አልተቆጣችኝም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለችኝ። በማግስቱ ዳቦ ጋግራ እጄን ይዛ ወደ ላይ ወጣች። እትዬ ናድያ በሩን ገርበብ አድርገው ዳቦውን ተቀበሉ። «ልጅሽ አልዋሸችም። የዋሹኝ ሌላ ናቸው» አሏት። ግቡ አላሉንም። ሊና ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አናገረችኝ። በእንግሊዝኛ፣ «ቤታችን ስትመጪ የኖርሽው ለዚህ ነው?» አለችኝና የምሳ ትሪዋን አንስታ ሌላ ጠረጴዛ ሄደች። ዓመቱ እስኪያልቅ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ።

ከበላያችን ክርክሩ ቆመ። የሚሰማኝ የጋሼ ባሲም ኮቴ ብቻ ነበር፤ ከማድ ቤት ወደ ሲዶ ክፍል፣ ከሲዶ ክፍል ወደ ማድ ቤት። አንድ በረዶ የጣለበት ጠዋት አውቶቡስ አምልጦኝ ቆሜ ሲያዩኝ ታክሲያቸውን አቆሙልኝ። ጥቂት ከነዱ በኋላ እንደ ትልቅ ሰው አወሩኝ። «የመንግሥታት ሰዎችን ቃል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አመላልሻለሁ። ከማድ ቤት እስከ መኝታ ቤት ያለችው አሥር እርምጃ ግን አቃተችኝ» አሉ። እትዬ ናድያ የሚፈልጉት ሲዶ ሁሉንም በራሳቸው አፍ እንዲነግሯቸው ነው፤ ሲዶ ደግሞ ከእንግዲህ አፌ አይከፈትም ይላሉ። «አባቴ ለጠብመንጃ የሚከራከሩ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ያ ልጅ በከንቱ አልሞተም ለማለት ነው» አሉኝ። የመኪናው መጥረጊያ በረዶውን ሲገፋ እያየሁ ትምህርት ቤት ደረስን።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተበታተኑ። ቤተሰቡ ከከተማው በወዲያ በኩል ሌክውድ ቤት ተከራየ፤ ሲዶ ሌላ ስቴት ወዳለው ሁለተኛ ልጃቸው እንዲሄዱ ተወሰነ። በሄዱበት ቀን ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ ቆመው ሳሉ ሮጬ ወረድኩ። «ሲዶ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እንዴት ብለሽ ነበር የጻፍሽው?» አሉኝ።

ግራ ገባኝ። ያነበብኩትን በቃሌ ስለያዝኩት በካርቱም አረብኛዬ ከጉሙ ጀምሬ ነገርኳቸው። መኪናውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «ልክ ነው። እንደዚያው ነው የነበረው» አሉ። እጃቸውን ራሴ ላይ አኑረው፣ የማይታጠፈውን እግራቸውን በእጃቸው አንስተው መኪናው ውስጥ አስገቡና ሄዱ።

አሁን ነርስ ነኝ፤ ከእናቴ ጋር ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር እንኖራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አየር ማረፊያው ባቡር ውስጥ ሊናን አገኘኋት። መጀመሪያ ያወቀችኝ እሷ ናት። ሲዶ አርፈዋል አለችኝ። ሊያርፉ ሲሉ እናቷ ሄደው አንድ ሙሉ ቀን በር ዘግተው አብረዋቸው ተቀመጡ፤ ሲዶም ነግረዋቸዋል። ምን እንዳሉ እናቷ ለማንም አልተናገሩም፤ ቀብሩ ላይ ግን ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ። ስልክ ተለዋወጥን፤ ባቡሩ ቆመ፤ ተሳስመን ተለያየን።

ያን ዘመን ሳስበው አንድ ሶፋ ላይ የተቀመጡት አባትና ልጅ ናቸው ቀድመው የሚመጡብኝ። ዛሬ ያንኑ ክርክር የማላውቃቸው ሰዎች ስልኬ ውስጥ ሲጯጯሁበት አያለሁ፤ ትሪ ይዞ ገብቶ ብሉ የሚላቸው የለም። በሥራ ቦታ ስለ ፍልስጤም ጦርነት ወሬ ሲነሳ ሰዎች ምን ትያለሽ ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም እላለሁ። ዝምታዬ አክብሮት ይሁን ፍርሃት ራሴም መለየት አቅቶኛል።

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት የጦርነቱን ዜና አይቼ ለሊና መጻፍ ጀመርኩ። ስለ ሲዶ፣ ስለ እናቷ፣ እዚያ ስለቀሩት ዘመዶቿ ብዙ ጻፍኩ። አነበብኩት። አጠፋሁት። «እንዴት ናችሁ?» ብቻ ብዬ ላክሁላት።

«አለን» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም አልጻፍንም።