አባቴ ፖከር የተሳነው ክረምት

ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ወደ መርካቶ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩ ላይ ካርታ ይጫወት ነበር። ዓይኔን ጣል ሳደርግ ፖከር ነው። መነጽሬን አስተካክዬ በጎን ማየት ጀመርኩ። ልጁ ሁለት አስ ይዞ ሳለ ሐሳቡ የት እንደሄደ እንጃ፣ አንዱን ጣለው። «ውይ!» አልኩ ሳላስበው። ቀና ብሎ ሽበቴንና ነጠላዬን አየና፣ «እማማ፣ ያውቁታል እንዴ?» አለኝ። «ትንሽ ትንሽ» አልኩት። አብነት ላይ መውረድ ሲገባኝ አልፌ ሄድኩ። እኔም ሐሳቤ አባቴ ዘንድ ሄዶ ቀርቶ ነበር።

አባቴ የብርድ ልብስ ነጋዴ ነበር። ከጎጃም በልጅነቱ መጥቶ ከራጉኤል ብዙም ሳይርቅ ሱቅ ከፈተ፤ ቤታችንም ከሱቁ ጀርባ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ድምፁን ሳያሰማ የሚውል ሰው እሑድ ከሰዓት ሌላ ሰው ይሆናል፤ ሁለት ጓደኞቹ ይመጣሉና። አንዱ ጋሽ ነስሩ ናቸው፤ በርበሬ ነጋዴ ስለሆኑ ገና ከበር ሲገቡ ያስነጥሱናል። ሌላው ጋሽ ወልዴ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ።

ፖከር ይጫወታሉ። ገንዘብ ግን አይመድቡም፤ ጋሽ ነስሩን ሃይማኖታቸው አይፈቅድላቸውም፣ እናቴም በቤቷ አትፈቅድም። የሚመደበው ጥሬ ሽምብራ ነው። የተሸነፈ ሰኞ ማለዳ ከአትክልት ተራ ለአሸናፊው ቤት ብርቱካን ይልካል። አባቴ ብርቱካን የላከው ከስንት አንዴ ነው። የወጣ ካርታ አይረሳም፤ ፊቱ ላይም ምንም አይነበብም። «የአያሌው ፊት የተዘጋ ሱቅ ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ወልዴ።

እናቴ ሐምሌ መግቢያ ላይ ሞተች። መርካቶ በጭቃ ተውጣ፣ ለቀስተኛው ጫማውን ደጃፋችን ላይ እየጠረገ ይገባ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነው። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ቤቱ ጭር እንዳይል ብለው፣ እንደ ድሮው እሑድ እሑድ መምጣት ጀመሩ። አባቴም እንቢ አላለም።

ጨዋታው ግን ጠፍቶበት ነበር። ተራው ሲደርስ አያውቅም። ሦስት ንጉሥ ይዞ «ተውኩት» ብሎ ይጥላል፤ ምንም ሳይኖረው ደግሞ የሽምብራውን ክምር ወደ መሃል ይገፋል። አንዴ የጋሽ ነስሩን ካርታ የራሱ መስሎት አነሳ። ሻይ የማቀርበው እኔ ስለሆንኩ ከኋላቸው ስመላለስ የሁሉንም እጅ አያለሁ። እናም አንድ ቀን ጋሽ ነስሩ ማንም የማይረታው ካርታ ይዘው፣ አባቴን አየት አድርገው፣ «እኔስ ዛሬ አልሆነልኝም» ብለው ሲደፉት አየሁ። ጋሽ ወልዴም እንደዚያው። ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ አባቴን ማሸነፍ ትተው ነበር። ሰኞ ሰኞ ብርቱካን ይመጣልናል፤ የሚበላው ግን የለም።

አንድ እሑድ ጋሽ ወልዴ የጣሉት ካርታ ተገልብጦ ወደቀ። ሦስት አስ ነበረበት። አባቴ ትክ ብሎ አየው።

«ወልዴ፣ በዚህ ነው የተሸነፍከው?»

ጋሽ ወልዴ ካርታውን በእጃቸው ሸፈኑት።

«ሚስቴ ሞተች እንጂ እኔ ሕፃን ሆንኩ?» አለና ካርታውን ሰብስቦ፣ ኪሱ ከትቶ ወደ ጓዳ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ቀረ። አባቴ እህል እየተወ፣ ከሱቅ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር እየተኛ ሄደ። እሱንም የማጣው መሰለኝ። አንድ ቀን ራት አቅርቤለት፣ «አባዬ፣ ስትጫወት ሐሳብህ የት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«የትም። ጆሮዬ ነው በሩ ላይ የሚቀረው» አለኝ። «ሻይ ይዛ ስትመጣ ኮቴዋን የምሰማ ይመስለኛል። ከዚያ አንቺ ትመጫለሽ።» ወዲያው ደንግጦ እጄን ያዘኝ። «አንቺን መጥላቴ አይደለም፣ ልጄ።»

በማግስቱ ሁለቱንም ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። እሑድ መጡ፤ እንደ ጥፋተኛ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሻዩን ቀዳሁና ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

«እኔም እጫወታለሁ።»

«አንቺ?» አለ አባቴ።

«እነሱ ያዝኑልሃል። እኔ አላዝንልህም።»

«ወላሂ ትቀመጥ!» አሉ ጋሽ ነስሩ።

ካርታው ታደለ። አባቴ ሽምብራውን ገፋ። ፊቱ ጭልጥ ያለ ዝምታ ነው። ሁለት ንጉሥ ይዤ ነበር፤ ጣልኩት። «ምነው?» አለኝ። «ጥሩ ይዘሃላ» አልኩት። ገለጠው፤ እውነትም ይዟል። በሚቀጥለው ከፊተኛው አብልጦ ገፋ። ጓደኞቹ ካርታቸውን ጣሉ። እኔ በእጄ ሁለት ስምንት ብቻ ነበረኝ፤ ያለኝን ሽምብራ ሁሉ መሃል አፈሰስኩ። አባቴ ባዶ ነበር። ጋሽ ወልዴ ጭናቸውን በጥፊ መቱ።

«ማን አስተማረሽ?» አለ አባቴ።

«እማዬ።»

«እሷ ካርታ አታውቅም።»

«ካርታውን አይደለም፣ አንተን ነው የምታውቀው። ጥሩ ካርታ ሲገባለት ሻዩን ይረሳዋል፣ ባዶ ሲሆን ፉት ፉት ይላል ትለኝ ነበር። ለጓደኞቹ ትነግሪና ብላ አስምላኛለች።»

አባቴ ሻዩን አየው። ብርጭቆው ግማሽ ሆኗል። መጀመሪያ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። በቀብሯ ዕለት እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም። ጋሽ ነስሩ እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ።

«ይህን ሁሉ ዘመን አውቃ ዝም አለች» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን በጋቢው እየጠረገ። «በይ አድዪ።»

በማግስቱ በዝናቡ ራሱ አትክልት ተራ ወርዶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለሁለቱም ቤት ብርቱካን አደረሰ። ከዚያ ወዲያ ያሸንፋል፣ ይሸነፋል። ነገሩ ከታወቀበት በኋላም ጥሩ ካርታ በያዘ ቁጥር ሻዩ እንደ ቀዘቀዘ ነው፤ ጓደኞቹም አይተው ካርታቸውን ይጥሉበታል። ሊያርመው ይችል ነበር። አላረመውም።

ዛሬ እኔ አባቴ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ልጆቼ እያወሩኝ ድንገት ጭልጥ እላለሁ፤ «እማዬ፣ እየሰማሽን ነው?» ይሉኛል፣ ሐኪም ጋ እንውሰድሽም ይላሉ። ዕድሜ ነው እላቸዋለሁ። ዕድሜም ነው። ግን እኔም ከማያቸው ሰዎች ይልቅ ኮቴያቸውን የማዳምጣቸው እየበዙ መጥተዋል።