የጉንዳኖቹ አበባ፤ ከሙዱላ እስከ ሆሳዕና

ሙዱላ፣ ረቡዕ ንጋት

ጎህ ሲቀድ በቅሎዬን ጭኜ ተነሳሁ። ነገሩን ላስረዳ። ሆሳዕና አንድ የውጭ አገር ሐኪም አርፏል፤ አበባ እየሰበሰበ ይጽፋል። «ከጉንዳን ጋር ተስማምቶ ዛፍ ላይ የሚኖር አበባ እናንተ አገር የለም» ቢለኝ ደሜ ፈላ! እኔ የአገረ ገዥው ጸሐፊ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «እስከ ዓርብ ባላመጣ ሁለተኛ ፊትዎ አልቆምም» ብዬ ማልኩ። «ካመጣህ ያገኘውን ሰው ስም መዝገቤ ላይ እጽፋለሁ» አለኝ።

አበባው ያለው እዚህ ከምባታ፣ ሽማግሌው ላምቤቦ ጓሮ፣ ዋንዛ ዛፍ ላይ ነው። ነጭ ነው፤ ሥሩ መሬት አይነካም፤ በሥሩ መሃል ጉንዳን ይርመሰመሳል። ላምቤቦ ሁለት እግር ከነቅርፊቱ ፈልቅቆ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለልኝ።

«አበባው በማለዳ ነው የሚነሳው፤ ጉንዳኑ ሁሉ ቤቱ እያለ» አለኝ። አላመነኝም መሰለኝ፣ ዱላውን ይዞ ተከተለኝ።

ሀደሮ፣ እኩለ ቀን

ገበያው ደርቷል፤ ዝንጅብል፣ ቅቤ፣ ሸክላ። ቆጮ በጎመን እየበላሁ ጉንዳን አንገቴ ገባና ዘለልኩ።

«ምነው ጌታዬ፣ ጭፈራ ነው?» አለች ቅቤ ሻጯ። ገበያው ሳቀብኝ።

«ባራግፋቸውስ?» አልኩት ላምቤቦን።

«ተው ልጄ፣ ዘበኞቹ እኮ ናቸው።»

አንጋጫ፣ ሐሙስ ጠዋት

ወይ የኔ ነገር! ትናንት ማታ ላምቤቦ ልጁ ቤት ሲያድር እኔ ነጋዴ ዘመዴ ዘንድ አረፍኩ። አበባው እንግዳ ፊት ንጹሕ ሆኖ ይቅረብ ብዬ አንዱን እግር ውሃ ነክሬ ጉንዳኑን አጠብኩት። ሲነጋ ያጠብኩትን እግር እንቡጥ ትል በልቶ ጨርሶታል፤ ያላጠብኩት ግን ምንም አልተነካም።

ላምቤቦ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ቀርቷል፤ እንሂድ» አለ። አፈርኩ።

ሆሳዕና፣ ሐሙስ ከሰዓት

ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ቅጠሉን ስፈታ አበባው ፈክቷል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ጉንዳኖቹን በጣቱ ሊጠርግ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ተዉ! ባለቤቶቹ ናቸው!»

አንዱ ነከሰው። ጣቱን እየጠባ ሳቀና መዝገቡን ገለጠ። «አለ ማለት ነው! ያገኘው ማነው?»

እውነቱን ልናገር፤ መንገዱን ሙሉ ስሜ እዚያ ሲጻፍ እያየሁ ነው የመጣሁት። ዞር ስል ላምቤቦ አቧራ ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

ክንዱን ይዤ ወደ ፊት አመጣሁት። ደረቴ በኩራት ተነፍቶ፣ ሆሳዕና እስኪሰማ ጮኼ፣ «ላምቤቦ ብለው ይጻፉ! የከምባታው ላምቤቦ!» አልኩ።