አማቴ የመረጡት ፊት

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ... ሰርጌ ስልኬ ላይ ፈርሶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና እጮኛዬ ሌሊሴ ነቀምቴ ገበያ ቀለበት ስንለካ የተነሳነውን ፎቶ፣ የሁለታችንም ቤተሰብ ያለበት ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። እስከ ትናንት ድረስ እዚያ ግሩፕ ላይ የምንሸላለመው በአንዲት አውራ ጣት ብቻ ነበር። የሌሊሴ አባት ኦቦ ገመቹማ ለልደትም አውራ ጣት፣ ለለቅሶም አውራ ጣት ናቸው። ትናንት ግን አፑ አፕዴት ሆነና ልብ፣ እሳት፣ ጭብጨባ፣ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ... የፊት መዓት ዘረገፈልን።

ዘመድ ሁሉ ልብ በልብ አደረገን። ከዚያ ኦቦ ገመቹ መጡ... አረንጓዴ ነገር የሚያስመልሰው ፊት!

ተሳስተው ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላነሱትም። እንዲያውም እናቴ ከስር «ተመስገን» ብላ የጻፈችው ላይ ደገሙት። እናቴ ወዲያው ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ሰውየውን ምን አብልተሃቸው ነው?»

ሌሊሴ ክፍል ገብታ እያስተማረች ስለሆነ ስልኳ ዝግ ነው። እኔ ደግሞ ፈራሁ። ሽማግሌዎቼን ሁለቴ መልሰው በሦስተኛው ነው እሺ ያሉኝ። ሐሳባቸውን ቀይረዋል ማለት ነው... ባጃጅ ይዤ በረርኩ ወደ ቡርቃ ጃቶ፣ ወደ ቤታቸው።

በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ኦቦ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ማል ታቴ? ምን ሆነሃል ልጄ?»

ስልኬን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉ።

«ኤባ ነዋ! ምርቃት! ሽማግሌው ቱፍ ሲል አታይም?»

«ይሄ... አረንጓዴውስ?»

«ሳር ነዋ! እርጥብ ሳር ሳይያዝ ይመረቃል እንዴ?»

ስልኬን አስጠግቼ ፊቱን እንደገና አየሁት።

«አውራ ጣት ለማንም እሰጣለሁ። ለልጆቼ ግን መመረቅ ነው የፈለግኩት። እስከ ዛሬ ስልኩ ላይ አልነበረም እንጂ...» አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። አንጀቴን በሉት።

«ና እስቲ፣ ቀረብ በል» ብለው ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሆራ ቡላ! ተባዙ፣ ኑሩ! ቱፍ! ቱፍ!»

ፊቴን ሳልጠርግ ወጣሁ። ለካ በስልክ የመጣው ምርቃት የጎደለው ነገር ቢኖር እርጥበቱ ብቻ ነበር።