ስም የለሹ ካርድና የአባቴ ድምፅ

ከአርብ ገበያ የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ገብስ በጫነ አይሱዙ ላይ ተቀምጬ ነው። አባቴ ከደብራችን ከቤተ ልሔም እስከ ገበያው ድረስ በበቅሎ ሸኝተውኛል። ድጓ ያስተምሩ ነበርና እኔም ልጃቸው እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነው የምላቸው። ድጓውን ሳልጨርስ ትቼ ስሰደድ አልተቆጡኝም፤ ምነው በተቆጡኝ! መኪናው ሊነሳ ሲል ብቻ ጠጋ ብለው፣ «ያ ፈረንጅ ድምፄን ወስዶ ሳያሰማኝ ሄደ። አገሩ ከደረስህ ጠይቅልኝ» አሉኝ።

ፈረንጁ ከአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተመራማሪ ነበር። ሦስት ቀን ቤታችን በልቶ ጠጥቶ፣ የየኔታን ዜማ ቀርጾ፣ «እልክላችኋለሁ» እንዳለ ቀረ።

መንገዱን አልተርክላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል፣ ያልሄደበትም ባያውቀው ይሻለዋል። ብቻ ጀርመን ገባሁ። ብርድ እኛ የጋይንት ልጆች አንፈራም፤ የእኛ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሄዳል፣ የዚህኛው ቀኑን ሙሉ ተጎልቶ ይውላል። ዳቦአቸውም እንደ እንጀራ ይኮመጥጣል፣ ወጥ ግን የለውም።

ለዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ ሳጣ በእግሬ ሄድኩ። አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ ተቀበለችኝ።

«በምን ጉዳይ ነው የሚመራመሩት?»

«አልመራመርም። ድምፁ የአባቴ ነው።»

«ማስረጃ አለዎት?»

«ያሰሙኝና አብሬ ላዚምልዎት።»

«ማስረጃ ሳያቀርቡ ማዳመጥ አይፈቀድም።»

ሳላዳምጥ በምን ላስረዳ! በመጨረሻ ንዝነዛዬ ሰልችቷቸው መሰለኝ፣ ፋይሉን በሲዲ ላኩልኝ። አብሮት የመጣው ወረቀት «ለሌላ ሰው ማሰማት ክልክል ነው» ይላል። የአባቴን ድምፅ ለአባቴ እንዳላሰማ መከልከላቸው ነው እንግዲህ!

በዚያው ሳምንት ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ደወለች። «የኔታ ከታመሙ ወዲህ ዜማው ቀርቷል፤ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩ። የፊታችን ዓርብ ስልክ ቤት አመጣቸዋለሁ» አለችኝ። ድምፃቸውን ለዓርብ ላደርሰው ማልኩ። ሲዲው ግን በቴፕ አይሰማም፤ የኮምፒውተር ፋይል ነው። ቤተ መጻሕፍት ያሉት ኮምፒውተሮች ደግሞ ጸጥታ እንዳይደፈርስ ተብሎ ድዳ ናቸው።

የምኖርበት ሕንጻ ቆሻሻ ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተጥሎ አየሁ። ሳነሳው የሕንጻው ተቆጣጣሪ፣ ሀውስማይስተር የሚሉት፣ ከተፍ አለ።

«ፈርቦተን!» አለኝ፤ ክልክል ነው ማለቱ ነው።

«መጣሉ ነው ክልክል ወይስ ማንሳቱ?»

«ማንሳቱ። የተጣለ ዕቃ ነው።»

«ስለተጣለ አይደል እንዴ የማነሳው?»

ትንሽ አሰበና «እኔ አላየሁም» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እግዜር ይስጠው፤ በዚያ አገር ያለ ማመልከቻ የተፈቀደልኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ በራ፣ ድምፅ ግን የለውም። ከፈትኩት። ድምፅ የሚያወጣው ካርድ በቦታው ተሰክቷል፤ ማን እንደሠራው ግን አልተጻፈበትም። የሠራው ካልታወቀ ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም አይገኝም። አገላብጬ አቧራውን በምራቄ ስጠርግ፣ ጀርባው ላይ አንዲት ደቃቃ የፈቃድ ቁጥር ብቅ አለች። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ቁጥሯን ኢንተርኔት ላይ ፈለግኳት፤ ካርዱ የአንድ የታወቀ ካርድ ቅጂ ኖሯል። የዚያኛውን ፕሮግራም በፍሎፒ ቀድቼ ጫንኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፋይሉን ከፈትኩ። የየኔታ ድምፅ! አንዲት ቃል አሉና ደገሟት። እንደገና ደገሟት። ተማሪ ሲሳሳት ቃሏን እስኪይዛት መደጋገም ልማዳቸው ነው፤ እኔም እግሬን አጣጥፌ ከኋላ ከኋላቸው እየተቀበልኩ ተቀመጥኩ። ሃያ ጊዜ ያህል ብለን ትንፋሽ እንዳልወሰዱ ሳስተውል ነው የነቃሁት። ለካ የኔታ ሲያስተምሩኝ አይደለም፤ ካርዱ ነው የሚንተባተበው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካርዱ ኮምፒውተሩን የሚጠራው በሰባት ቁጥር መስመር ነበር፤ ሰባት ደግሞ ለፕሪንተር ተይዟል። ፕሪንተሩ የታለ? የለም! የሌለው ቦታ ይዞ ያለው ይንተባተባል። ይህን አሠራር ከስደተኞች ቢሮ ወረፋ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ካርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ በጥፍሬ ነቅዬ ከሰባት ወደ አምስት አዛወርኳት፣ ፕሮግራሙም ላይ አምስት ብዬ ሞላሁ። ዜማው ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። አለቀስኩ፤ አልቅሼ ስጨርስም ያን ፈረንጅ ረገምኩት።

ዓርብ ደወልኩ። ለጥሩወርቅ ብቻ ነግሬአት፣ የኔታን ግን ላስገርማቸው ብዬ «ይስሙማ» አልኳቸውና የስልኩን እጀታ ኮምፒውተሩ ስፒከር ላይ ደገንኩ። ሲያልቅ መቋሚያቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ ሲመታ ሰማሁ። ተማሪን «ከመጀመሪያው በል» የሚሉበት ምልክታቸው ነው። ግራ ገባኝ። ጥሩወርቅ ስልኩን ተቀበለች፤ ታለቅሳለች።

«ምነው? ምን አሉ?»

«ልጄ ድጓውን አልተወውም ለካ፣ ይላሉ። ድምፁ ጎልምሷል፣ አንዲት ቦታ ብቻ ይስታልና ይድገመው ይላሉ። ወንድምዬ፣ ያንተ መስሏቸዋል። የራስዎ ነው ልበላቸው?»

የአባቴ ነው፣ የራሳቸው ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ጮኼአለሁ። ያን ዕለት ግን «ተይ፣ አትንገሪያቸው» አልኳት።

መቋሚያው እንደገና ሁለት ጊዜ መታ። ዜማውን ከመጀመሪያው ከፈትኩላቸው።